ለሁለት ዓመት በጥንድ፦ የሞርሞን ሚስዮናዊ ኑሮ፣ ከጫማ እስከ ጥምቀት ገንዳ

ጥሪው ሲመጣ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ የተመደቡበት አገር ስም ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ እልል ይባላል። በማግስቱ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ስንት ካልሲ ይያዝ? ገንዘቡ ለወሩ ይበቃል? እማማ ቡና ቢያቀርቡ ምን ይባላል? ስለ እምነቱ የሚያስተምር ሞልቷል። ሚስዮናዊን ከእምነቱ ጥያቄ በፊት የሚያደክመው ተረከዙ፣ ባዶ የቀረው ካርዱና ከባልደረባው ጋር የገባበት ኩርፊያ ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚያ ላይ ያተኩራል።

ስሙን አስቀድመን እንጨርስ። ሰው ሁሉ «ሞርሞን» ይላል፤ ቤተክርስቲያኗ ግን በተለይ ከ2018 ወዲህ (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሙሉ ስሟ መጠራት ትፈልጋለች፦ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን። ደረት ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ባጅም የሚለው ይህንኑ ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ሳይደናቀፉ መናገርን ተለማመዱ፤ በር ላይ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው።

ከመነሳት በፊት

ወንዶች 24 ወር፣ ሴቶች 18 ወር ያገለግላሉ። ከ2012 ጀምሮ ወንዶች በ18 ዓመታቸው መውጣት ይችላሉ። ማመልከቻው በኤጲስ ቆጶሱ ወይም በቅርንጫፍ ፕሬዚዳንቱ (የአጥቢያው ምዕመናን መሪ ነው) በኩል ይጀምራል፤ ቃለ መጠይቅ፣ የሐኪምና የጥርስ ሐኪም ምርመራ ይከተላሉ። ጥርሱን አቅልላችሁ አትዩት። መጨረሻ ላይ የሚወጣው መንጋጋ ችግር ካለው አገር ቤት ሳላችሁ ይታይ፤ ቋንቋው በማይገባችሁ ከተማ በስምንተኛው ወር ማበጥ ሲጀምር መከራ ነው። ወደ ጋና እና ወደ መሰል አገሮች የሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልገዋል። የምስክር ወረቀቱ ሥራ ላይ የሚውለው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመሄጃ ሳምንት መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ቢጫ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ቦርሳ ይግባ፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ሻንጣው ገና አልደረሰም።

ስለ ገንዘብ፦ በአሜሪካ፣ በካናዳና በምዕራብ አውሮፓ የሚኖሩ ቤተሰቦች የሚከፍሉት ወርሃዊ መዋጮ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ 500 ዶላር ሆኗል፤ ሌላ አገር ላሉት መጠኑ ይለያያል። ገንዘቡ ወደ አንድ ቋት ስለሚገባ ቶኪዮ የተመደበውም አክራ የተመደበውም ቤተሰቡ የሚከፍለው እኩል ነው። የቤት ኪራዩን ሚስዮኑ፣ ማለትም በተመደባችሁበት አካባቢ ሥራውን የሚመራው ጽሕፈት ቤት፣ ይችላል። ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለሳሙና የሚሆነው በየወሩ ካርድ ላይ ይገባል። አዲስ ሚስዮናዊ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከመቀበል በላይ መከፋፈል አይችልበትም። ገንዘቡ የገባ ቀን ለአምስት ክፈሉት፤ አራቱ ለአራት ሳምንት፣ አምስተኛው ወሩ ለሚተርፈው ቀንና ለድንገተኛ። ከዚያ ውጭ በሦስተኛው ሳምንት ዳቦ በውሃ ነው።

ሥልጠናው በኢንተርኔት ከቤት ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ትልቁ ዩታ ውስጥ ፕሮቮ ነው፤ ጋና ቴማ እና እንግሊዝ ፕሬስተን ያሉትም ይታወቃሉ። ቋንቋውን የሚያውቅ በጥቂት ሳምንት ይጨርሳል፤ አዲስ ቋንቋ የሚማር ከ6 እስከ 9 ሳምንት ይቆያል። ቃላት ከመሸምደዳችሁ በፊት ሁለት ነገር በቋንቋው ቻሉ፦ ጸሎት መጸለይና ምስክርነት መስጠት። እነዚህ በየቀኑ ስለሚደጋገሙ የቋንቋው አጥንት በእነሱ በኩል ይገባል።

ጫማ፣ ኮሌታ፣ ሰንሰለት

ሸሚዝ ላይ ቆጥቡ፣ ጫማ ላይ ግን አትሰስቱ። ሁለት ጥንድ ጥቁር ጫማ ይበቃል፤ ሶላቸው በክር የተሰፋ ይሁን። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ሶል ዝናብና ሙቀት ሲፈራረቁበት አፉን ይከፍታል። ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው። እግር ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጨንቃል። የምትለብሱትን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ፤ ከጣቶቻችሁ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ይትረፍ። ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ተራመዱበት። ከዚያ በኋላ ጫማዎቹን በፈረቃ አድርጉ፤ ትናንት የረጠበ ቆዳ ዛሬ ካላረፈ ይሸታል፣ ይሰነጠቃል። የበሰበሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ ምድጃ ወይም ሂተር አጠገብ ካስጠጋችሁት ቆዳው ይደርቅና ይሰባበራል።

እግር ውሃ ከቋጠረ አታፍርጡት፣ ቆዳውንም አትላጡት፤ ሸፍኑት፣ የሚፋተግበትንም ቦታ ጫማው ላይ ፈልጉ። ዙሪያው ከቀላና ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ የዚያኑ ቀን ክሊኒክ ነው። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቀር ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት ይሻላል። ቢያንስ 10 ጥንድ ያዙ።

ነጭ ሸሚዝ ከ8 እስከ 10 በቂ ነው። ኮሌታው ቢጫ ሲሆን የብዙ ሰው እጅ ወደ በረኪና ይሄዳል፤ በረኪና ላብ የነካውን ፖሊስተር የባሰ ቢጫ ያደርገዋል። ከመታጠቡ በፊት፣ ደረቅ እንዳለ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ኮሌታው ላይ አሹበትና ሩብ ሰዓት አቆዩት፤ ቢጫው ከላብና ከቆዳ ቅባት የመጣ ስለሆነ ቅባት ፈቺው ይገፈዋል።

ብስክሌት የደረሳችሁ፦ ሄልሜት ግዴታ ነው። ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል ስለሆነ የቀኝ ሱሪ እግር ካልሲ ውስጥ ይግባ ወይም በላስቲክ ይታሰር። ከረቫት በሸሚዙ ቁልፎች መካከል ይወተፍ። መለዋወጫ ካላማዳሪና ፓምፕ ሁልጊዜ አብሯችሁ ይሁን። እህቶች (ሴት ሚስዮናውያን) ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በዕለት ሥራቸው ሱሪ መልበስ ተፈቅዶላቸዋል፤ ብስክሌት ላይ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቀኑ እንዴት ይውላል

የተለመደው ፕሮግራም በእኛ ሰዓት እንዲህ ነው። ጠዋት 12:30 መነሳት፣ ግማሽ ሰዓት ስፖርት፣ መታጠብና ቁርስ። 2:00 የግል ጥናት፣ 3:00 ከባልደረባ ጋር ጥናት፤ ቋንቋ የሚማር ተጨማሪ ጊዜ አለው። 4:00 ላይ ከቤት መውጣት። ማታ 3:00 ቤት መግባት፣ 4:30 መብራት ማጥፋት። ከ2017 ጀምሮ የሚስዮን መሪዎች እንደ አካባቢው ሁኔታ ማስተካከል ይችላሉ፤ የእንቅልፉ ስምንት ሰዓት ግን አይነካም። «ትንሽ ላምሽና ላጥና» የሚል ሰው በሁለተኛው ወር ጥናት ላይ ሲያንቀላፋ ይገኛል።

ሐበሻ መካከል የሚሠራ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ያረጋግጥ። «ማክሰኞ ሦስት ሰዓት» ያሉ እናት ጠዋት 3:00 ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ፈረንጁ ሚስዮናዊ በራሱ ሰዓት ቆጥሮ ከሰዓት ሲመጣ እሳቸው ስድስት ሰዓት ቆይተው ሥራ ሄደዋል። «ጠዋት፣ ቁርስ ሰዓት ላይ?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን ይጨርሰዋል።

ማታ ለነገ ስታቅዱ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ እዚያው አካባቢ ሁለተኛ አማራጭ ጻፉ። ቀጠሮ ይሰረዛል፤ አማራጭ የሌለው ጥንድ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለስ ቀኑን አውቶቡስ ላይ ይጨርሳል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በአብዛኛው ሰኞ፣ የዝግጅት ቀን ነው፦ ልብስ ማጠብ፣ አስቤዛ፣ ጸጉር መቆረጥ፣ ለቤተሰብ መጻፍ። ከምሽቱ 12:00 ላይ ያበቃል። ከየካቲት 2019 ጀምሮ በዚህ ቀን ቤተሰብን በስልክ ወይም በቪዲዮ ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ድምፅ የሚሰማው በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። ልብሱን ጠዋት ከማሽን ሳታስገቡ ስልክ አትክፈቱ። የቤት ወሬ ጊዜ ይበላል፣ ሳምንቱ በቆሸሸ ሸሚዝ ይጀመራል። ዋና ግን በዚህም ቀን አይፈቀድም፤ ሐይቅ ዳር ብትመደቡም።

ባልደረባው

ብቻ መሆን የለም። ባልደረቦች እየተያዩና አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ መዋል አለባቸው፤ የሚያድሩት አንድ ክፍል፣ በየራሳቸው አልጋ ነው። ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ወንዶቹ አይገቡም፣ ልጅ ብቻውን ባለበትም እንዲሁ። ባልደረባን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ዝውውር በየስድስት ሳምንቱ ይመጣል፣ ግን ሁልጊዜ አይለያያችሁም፤ «ስድስት ሳምንት ነው፣ ዝም ብዬ ልቻለው» የሚለው ስሌት ብዙ ጊዜ ይከስራል።

ጠብ የሚነሳው ከትምህርተ ሃይማኖት አይደለም። ከሳህን፣ ከማንቂያ ደወልና ከእርምጃ ፍጥነት ነው። አንዱ አምስት ሜትር ቀድሞ ይሄዳል፣ ሌላው ይህን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። በሳምንቱ ዕቅድ መጨረሻ ላይ ባልደረቦች ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ጊዜ ተመድቧል፤ ይህ ጊዜ «ምንም የለም፣ ደህና ነን» ተብሎ ከታለፈ ነገሩ አሥራ አምስት ቀን ይከማችና አንድ ቀን በሩዝ ድስት ምክንያት ይፈነዳል። ስታወሩ ነገሩን በልኩ ጥሩት። «አንተ ሰነፍ ነህ» ሳይሆን «ከ12:30 በኋላ ስትተኛ እኔ ብቻዬን እጀምራለሁ»። የሐበሻ ልጅ እዚህ ላይ ይቸገራል። ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ይዞ አድጓል፤ ከሌላ አገር የመጣው ባልደረባው ደግሞ ዝምታውን እንደ መስማማት ያነበዋል። ሥራ የምታካፍሉት በሰው ሳይሆን በቀን ይሁን፤ ዛሬ አንዱ ያበስላል ሌላው ያጥባል፣ ነገ ይገለበጣል።

እንቅልፍ መጥፋት፣ ምግብ ማስጠላት፣ ጠዋት ያለ ምክንያት ማልቀስ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ለሚስዮን ፕሬዚዳንቱ ወይም ለባለቤቱ ደውሉ። የእምነት ማነስ ተደርጎ አይያዝ፤ ባለሙያ ጋር የሚያገናኙ እነሱ ናቸው፣ ቶሎ የተነገረውም ቶሎ ይረዳል።

ወጥ ቤቱ

ሽሮና በርበሬ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ በፋብሪካ የታሸገና ስሙ የተጻፈበት ቢሆን ጉምሩክ ላይ ንግግሩ ያጥራል፣ የያዛችሁትንም ግለጹ። ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን እቤት ይቅሩ፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በግል ሻንጣ አያስገቡም።

ለሁለት ሰው፦ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ በመጠነኛ እሳት አቁሉ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ሦስት ብርጭቆ ውሃ አፍሉበት። አምስት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ዱቄቱ በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ውጩ ወዲያው ይበስልና ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓጓላ ይሠራል። ሃያ ደቂቃ በቀስታ ይንተክተክ። በርበሬ ማቁላላት የፈለገ መስኮት ይክፈት፤ በትንሽ አፓርታማ ውስጥ የበርበሬ ጭስ የእሳት ማንቂያውን ያስጮኸዋል፣ ባልደረባውንም ደረጃ ላይ ያስወጣዋል።

ጾሙ ኦርቶዶክስ ቤት ላደገ ሰው አጭር ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ይዘለላል፣ ውሃም አይጠጣም፣ የምግቡ ዋጋ ለችግረኞች ይሰጣል። አንድ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል፦ በጥር 27 ቀን 1985፣ እኛ ሰባ ሰባት በምንለው የረሃብ ዘመን፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት ለዚሁ ብለው ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል። ያን ዘመን ያዩ አባት ፊት ግን እንደ ውለታ አታንሱት፤ ከጠየቁ ብቻ።

ሲኒው ሲመጣ

በ1833 የተሰጠው የጥበብ ቃል የሚባለው ሕግ አልኮልን፣ ትምባሆን፣ ቡናንና ሻይን ይከለክላል። በ2019 በወጣው ማብራሪያ መሠረት አረንጓዴና ቀዝቃዛ ሻይ፣ ቡና ያለበት የካፌ መጠጥ ሁሉ እና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ውስጡ ናቸው። ለዩታ ልጅ ቀላል ነው። ለሐበሻ ወይም ሐበሻ ቤት ለሚገባ ግን ከበድ ይላል፤ ቡና መጠጥ ብቻ አይደለምና።

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የተመደቡ ይህን በሳምንት ብዙ ጊዜ ያገኙታል። የአካባቢው ሐበሻ ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ሲነዳ ኬንሲንግተን ያለውን ባለ ስድስት ማማ ነጭ ቤተመቅደስ ያየዋል። ከ1974 ጀምሮ እዚያው አለ፤ «ያ የእናንተ ነው?» የሚለው ጥያቄ በር ይከፍታል። ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ በኋላ ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ቡናው ምጣድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ተናገሩ፦ «እማማ፣ እኛ ቡናና ሻይ አንጠጣም፣ ግን አብረንዎት መቀመጥ ደስ ይለናል።» ሲኒው ተቀድቶ ከመጣ በኋላ አይሆንም ማለት የቀዳውን እጅ መመለስ ነው። ተቀብሎ ማስቀመጥም አያዋጣም፤ ሁለተኛው ሲቀዳ የመጀመሪያው እንደቀዘቀዘ ይታያል። ቆሎውን፣ ፈንዲሻውን፣ ዳቦውን ብሉ። ከርከዴ ካለ ጠይቁ፣ የተከለከለ አይደለም። እስከ በረካው ባይሆን እስከ ቶናው ቁጭ በሉ። «ቡና ኃጢአት ነው» አትበሉ፤ «እኛ የገባነው ቃል ነው» ይበቃል፣ ስለት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ጠላና ጠጅም በዚሁ መንገድ።

የማዕረግ ነገርም አለ። ባጁ ላይ ያለውን «ኤልደር» ወደ አማርኛ ተርጉሞ «ሽማግሌ ነኝ» ያለ የ19 ዓመት ልጅ ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል፤ «ኤልደር» ብሎ መተው ነው። ታላላቆችን ሁልጊዜ እርስዎ በሉ፤ አማርኛ በማሠልጠኛ የተማረ ፈረንጅ «አንተ» የሚለውን ለሁሉ ይረጨዋል፣ ባልደረባው ያርመው።

ሁለት ጥያቄ በየቤቱ ይመጣል። «ጴንጤ ናችሁ?» ለሚለው፦ አይደለንም፣ ከፕሮቴስታንቶች የወጣንም አይደለንም፤ በ1830 በጆሴፍ ስሚዝ አማካይነት ቤተክርስቲያን እንደገና ተመሠረተች ብለን እናምናለን። ሁለተኛው ይከብዳል፦ «ጥቁር ሰው ክህነት አትሰጡም ነበር አሉ?» እውነት ነው፤ እስከ ሰኔ 1978 አይሰጥም ነበር። ቀጥታ መልሱ። ቤተክርስቲያኗ ራሷ በ2013 ባወጣችው ጽሑፍ እገዳውን ለማስረዳት ይነገሩ የነበሩትን ምክንያቶች አልቀበልም ብላለች። የሸሸ መልስ የሰጠ ሚስዮናዊ ሰውየው በስልኩ ፈልጎ ሲያገኘው ተመልሶ አይገባም።

እስራኤል ውስጥ ቤተክርስቲያኗ ላለመስበክ ተስማምታለች፤ ኢየሩሳሌም ያለው ማዕከል የትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ኔታንያ ወይም አሽዶድ ላለ ዘመድ መጽሐፍ ላክልኝ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢገጥማችሁ ከመላካችሁ በፊት የሚስዮን ፕሬዚዳንቱን ጠይቁ። ለባሕረ ሰላጤው አገሮችም ያው ነው፤ እዚያ የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው።

ገንዳው

ለጥምቀት ትንሹ ዕድሜ 8 ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ የወላጅ፣ ያገባ ደግሞ የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዕለቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በውሃ ነው። ገንዳ ለመሙላት ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ ከሆነ ጠዋት ክፈቱ፣ የሚጠብቅ ሰው መድቡ፣ በሩ አይከፈት፤ ሕፃናት በየክፍሉ ይዞራሉ። ውሃው እምብርት አካባቢ ይድረስ። የሞቀው በመጨረሻ ይጨመር፣ አለዚያ እስኪሞላ ይቀዘቅዛል። ነጭ ልብስ ሲርስ ያሳያል፤ የውስጥ ልብስም ነጭ ይሁን።

ሙሉ ስሙን አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ። የሐበሻ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ ሴት ስታገባም አይለወጥም። ፈረንጁ አጥማቂ «የቤተሰብ ስም» እያለ እንዳያምታታው፣ ስሙን ሲጠራም «ጠ» እና «ቀ» እንዳያሰናክሉት ከቀኑ በፊት ይለማመድ።

በደረቁ አንድ ጊዜ ሞክሩ። አጥማቂው በግራ እጁ የተጠማቂውን ቀኝ የእጅ አንጓ ይይዛል፤ ተጠማቂው በግራ እጁ የአጥማቂውን ግራ ክንድ ይይዛል። አጥማቂው ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጸሎቱን ቃል ሳይጎድል ይላል። ከዚያ ተጠማቂው በቀኝ እጁ አፍንጫውን ይይዛል፣ አጥማቂው ቀኝ እጁን ጀርባው ላይ ከፍ አድርጎ ያሳርፍና ያጠልቀዋል። ተጠማቂው ጉልበቱን ማጠፍ አለበት፤ ደርቆ ከቆመ እግሩ ይነሳና ጣቱ ከውሃ ይወጣል። ሁለት ምስክሮች የሚያዩት ይህንን ነው። ጸጉር፣ የቀሚስ ጫፍ ወይም ጣት ካልጠለቀ፣ ወይም ከጸሎቱ አንድ ቃል ከተዛነፈ፣ ይደገማል። ሊደገም እንደሚችል ለተጠማቂው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሳያውቅ ሲደገምበት ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ከ2019 ጀምሮ የተጠመቁ ሴቶችና ልጆችም ምስክር መሆን ይችላሉ፤ የመጣች ጓደኛ ወይም እህት ካለች ለዚህ ቦታ ጠይቋት። ፎጣ ሁለት፣ አንዱ ለወለሉ፤ ከገንዳው መውጫ ደረጃ ላይ የሚንሸራተት አይጠፋም።